ጉልበት የሚያልቀው ቁልቁለት ላይ ነው



በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ነሐሴ ገብቷል፣ ቡሄም ደርሷል። ወደ አዳራሹ ስትገቡ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ሰምታችኋል። ዝናቡ ካባራ በንግግሬ መሀልም ያጮኹ ይሆናል። ማንም እንዳይከለክላቸው፤ ለዛሬው ጉዳይ ያስፈልጉኛል።

እኔ የዚሁ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉልበት፣ ወገብና ትከሻ ስዳስስ ነው የምውለው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ አንድ የአማርኛ ቃል ይበልጥ እየደነቀኝ መጥቷል፤ ጉልበት። እናቴ ዛሬ «ጉልበቴን አመመኝ» ትላለች፤ ነገ ደግሞ «ጉልበት አነሰኝ» ትላለች። የመጀመሪያው ጭንና ቅልጥም የሚጋጠሙበት ቦታ ነው፣ ሁለተኛው አቅም ነው። ክንድም እንደዚሁ ነው፤ ብርታትም ነው፣ ሸማ የሚለካበትም ነው። አባቶቻችን ኃይልንና መገጣጠሚያን በአንድ ስም ሲጠሩ ቃል አጥሯቸው አይመስለኝም። የሰው ልጅ ያለ መገጣጠሚያ የሚያወጣው ኃይል የለም፤ ኃይል ባወጣ ቁጥርም ዋጋውን የሚከፍለው መገጣጠሚያው ነው። ስንት ነው የሚከፍለው? የትስ ላይ ነው ይበልጥ የሚከፍለው? ዛሬ የመጣሁት ይህን ልነግራችሁ ነው።

እስቲ ሁላችሁም ቀኝ ክንዳችሁን አጠፍ አድርጉ፤ መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን። በግራ እጃችሁ ጣት የክርናችሁን እጥፋት ዳስሱ። ገመድ የመሰለ ነገር ተወጥሮ ታገኛላችሁ። እሱ ጅማት ነው፤ የላይኛውን ክንድ ጡንቻ ከታችኛው ክንድ አጥንት ጋር ያስረዋል። የተጣበቀበት ቦታ ከክርናችሁ መጋጠሚያ ሦስት ጣት ያህል ቢርቅ ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር እንበል። መዳፋችሁ ደግሞ ከክርናችሁ 35 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። አሁን መዳፋችሁ ላይ 10 ኪሎ ጤፍ አስቀምጡ። ጤፉ ክርናችሁን ለመዘርጋት በ35 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይጫናል፣ ጡንቻችሁ ለማጠፍ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይስባል። ርቀቱ ሰባት እጅ ስላነሰ ስበቱ ሰባት እጅ መብለጥ አለበት። 10 ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው የ70 ኪሎ ያህል ይስባል ማለት ነው። ክርናችሁም ልዩነቱን ሁሉ ይሸከማል።

ይህን ስሌት በመጽሐፍ ያሰፈረው ጣልያናዊው ጆቫኒ ቦሬሊ ነው። መጽሐፉ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1680 እና በ1681 ታተመ፤ እርሱ ግን ሳያየው ሞተ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት አካል በትንሽ ኃይል ትልቅ ሸክም የሚያነሳ ብልህ ማሽን ይመስላቸው ነበር። ቦሬሊ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አሳየ፤ ጡንቻዎቻችን ከምናነሳው ሸክም በብዙ እጥፍ ይስባሉ።

ታዲያ ፈጣሪ ለምን እንዲህ ያለ አክሳሪ ንግድ ውስጥ አገባን? መልሱ ፍጥነት ነው። ያ የክርን ጡንቻ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲያጥር መዳፋችሁ ሰባት ሴንቲ ሜትር ይነሳል። ጡንቻ በተፈጥሮው ብርቱ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ነው። የትንሿ ጣታችሁ ጥፍር የሚያህል ውፍረት ያለው የጡንቻ ዘለላ ከ2 ተኩል እስከ 3 ኪሎ ይስባል። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ክሮች አሉ። አንደኛው ክር ሌላውን፣ ሰዎች ተሰልፈው ገመድ በእጅ በእጃቸው እየተቀባበሉ እንደሚስቡት፣ እየያዘ እየለቀቀ ወደ ራሱ ይስበዋል። ክሮቹ እርስ በርስ እንደሚንሸራተቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በአንድ መጽሔት እትም ላይ አሳወቁ። የሚገርመው የሁለቱም ቡድኖች መሪዎች ሃክስሊ ይባሉ ነበር፤ ግን ዝምድና የላቸውም። ልብ በሉ፤ ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም። በር ስትገፉ እንኳ የሆነ ጡንቻ ከክርናችሁ ጀርባ እየሳበ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ጅራፍ ልመልሳችሁ። ደህና አድርጎ የሚያጮኸውን ልጅ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እጁን ብቻ የሚወረውር ልጅ ጅራፉ እግሩ ላይ ይጠመጠምበታል እንጂ አይጮኽለትም። የሚያውቅበት ልጅ ከእግሩ ነው የሚጀምረው። መሬቱን ይረግጣል፣ ዳሌውን ያዞራል፣ ከዳሌው ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ክርኑ፣ ከክርኑ ወደ አንጓው ያስተላልፋል፤ ከዚያ ድንገት ይገታል። ትልቁ የአካል ክፍል ያገኘውን እንቅስቃሴ ለትንሹ ያቀብላል፤ ትንሹ ቀላል ስለሆነ ይበልጥ ይፈጥናል። ጅራፉም ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚገመደው ለዚሁ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ይፈጥናል፤ በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ያ ጩኸት አየሩ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ነው። የውጭ አገር ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ፎቶ አንስተው ይህን ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ የደብረ ታቦር እረኛ ግን ስሌቱን ሳያውቅ ጥበቡን ከታላቅ ወንድሙ ተቀብሎታል።

ይህ የኃይል ደስታው ነው። አሁን ወደ ሸክሙ እንሂድ።

20 ሊትር ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን መሬት ላይ አለ። አንዲት እናት ጎንበስ ብላ፣ እጇን ዘርግታ ታነሳዋለች። ጀሪካኑ ከአከርካሪዋ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ከጎነበሰችበት የምትቀናበት የጀርባ ጡንቻ ግን ከአከርካሪዋ መሀል የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ 20 ኪሎው ብቻውን 180 ኪሎ ስበት ይጠይቃል። በዚያ ላይ የራሷ ራስ፣ ትከሻና ደረት አለ፤ ሰላሳ ኪሎ ይሆናል፣ እሱም ወደ ፊት ተንጠልጥሏል። ሁሉም ተደምሮ በአከርካሪዋ አጥንቶች መሀል ያለው ዲስክ ከ300 ኪሎ በላይ ይጨመቃል። ሃምሳ አምስት ኪሎ የምትመዝን ሴት ናት፤ ውሃውም ሃያ ሊትር ብቻ ነው!

እንስራ የምታዝለዋን እናት ደግሞ እዩ። እንስራው ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ወገቧንም ጥቂት ወደ ፊት ሰበር አድርጋለች። ያ ማዘንበል ከሸክሙ ብዛት የመጣ መጉበጥ ይመስለን ይሆናል። ሚዛን ነው። እንስራው ከአከርካሪዋ ኋላ አንድ ስንዝር ባይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ የላይኛው አካሏ ደግሞ ከግማሽ ስንዝር ባነሰ ርቀት ወደ ፊት አዘነበለ። ወደ ኋላ የሚጎትተውና ወደ ፊት የሚጎትተው ተስተካከሉ፤ የጀርባዋ ጡንቻ አርፎ ይሄዳል። ያው ሃያ ሊትር ውሃ ነው፤ የተለወጠው የአንድ ክንድ ርቀት ብቻ ነው። እኔ እንስራው ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም፤ ጭቃው ራሱ ስንት ኪሎ ነበር! ግን ጀሪካኑ ሲመጣ አስተሳሰሩን ከእንስራው አልወረሰም። ብዙ ልጃገረዶች በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው፣ በአንድ ጎናቸው ተጣመው ሲሄዱ አያለሁ፤ ያንን ሳይ እኔም ያመኛል።

ደጋ ላይ ጉልበት ሲታመም መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው» እንላለን። ብርድ መገጣጠሚያ አያደርቅም አልልም፤ ጠዋት ጠዋት የጉና ተራራ ነፋስ ሲወርድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን አገራችንን ተመልከቱት። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በአለም በር በኩል ወረታና ፎገራ ሜዳ ስንደርስ 1,800 ሜትር አካባቢ ነን። ውሃ ለመቅዳት እንወርዳለን፣ ለገበያ እንወርዳለን፣ ከብት ለማጠጣት እንወርዳለን። ሰው ሽቅቡን ያማርራል፤ የሚያለከልከው እዚያ ነዋ። ቁልቁለቱን ግን እንደ እረፍት ይቆጥረዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

በጀርመን በርሊን ሐኪሞች ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ ለተተካላቸው ሰዎች በተተካው መገጣጠሚያ ውስጥ መለኪያ አስገቡና ሲራመዱ በቀጥታ ለኩ። በሜዳ ሲሄዱ ጉልበታቸው ላይ ያረፈው የክብደታቸው 2.6 እጥፍ ነው። ደረጃ ሲወጡ 3.2 እጥፍ ሆነ። ሲወርዱ 3.5 እጥፍ ሆነ። መውረዱ ከመውጣቱ በለጠ። ያቺ ሃምሳ አምስት ኪሎ የምትመዝን እናት ሃያ ኪሎ አዝላ ስትወርድ በየእርምጃዋ አንድ ጉልበቷ ላይ 260 ኪሎ ያህል ያርፋል። ከደብረ ታቦር ከፍታ እስከ ፎገራ ሜዳ ያለውን 900 ሜትር በእግር ብንወርደው፣ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ስንዝር ቢያወርደን፣ 4,500 እርምጃ ነው። ለእያንዳንዱ ጉልበት ከ2,000 በላይ ይደርሰዋል።

ስንወርድ ጡንቻው ምን እየሠራ ነው? ሽቅብ ስንወጣ የጭናችን የፊት ጡንቻ እያጠረ ያነሳናል። ቁልቁል ስንወርድ ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ይይዘናል፤ ባይዘን እንወድቃለን። እየተለጠጠ የሚይዝ ጡንቻ ሁለት ነገር አለው። ትንፋሽ አይጨርስም፤ ስበቱ ግን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዝ አገር ሦስት ተመራማሪዎች ሁለት ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ አድርገው በሰንሰለት አገናኙ። በአንዱ ላይ አንድ ጎልማሳ ወንድ ወደ ፊት ይነዳል፤ በሌላው ላይ ብሬንዳ ቢግላንድ የምትባል ቀጠን ያለች ተመራማሪ ወደ ኋላ የሚሄድባትን ፔዳል እየተቃወመች ትይዛለች። ሁለቱ እግሮች ላይ ያለው ኃይል እኩል ነው። ወንዱ በላብ ተጠምቆ ሲያለከልክ እርሷ አልደከማትም። ቁልቁለት የሚያታልለን በዚህ ነው፤ ሳንባችን ዝም ስላለ ጉልበታችንም ያረፈ ይመስለናል።

ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶ ጉና ወጥቶ ሲወርድ በዚያው ቀን ደህና ነው፤ በሁለተኛው ቀን ግን መጸዳጃ ቤት መቀመጥ ያቅተዋል። ያሳመመው መውረዱ ነው። የተለጠጠው ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ክሮች ተበጥሰዋል። ደግነቱ ጡንቻ ይማራል። ያ እንግዳ በሳምንቱ ተመልሶ ቢወጣ ሕመሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

ስለ መሳብና ስለ መያዝ ካነሳሁ፣ በዚህች ከተማ ቆሜ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሳላነሳ አላልፍም። እዚሁ ቅርባችን ጋፋት ላይ፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ጥቅምት ገደማ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ፤ መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በመሀል ያሉት የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ናቸው። እስቲ እናስላ። መንገዱ በየአራት እርምጃው አንድ እርምጃ የሚነሳ ቢሆን ከ7,000 ኪሎው ሩቡ፣ 1,750 ኪሎ፣ ወደ ኋላ ይጎትታል። አንድ ሰው እግሩ ሳይንሸራተት ዘልቆ የሚስበው 25 ኪሎ ቢሆን፣ መድፉ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆም ብቻ 70 ሰው ያስፈልጋል። መንኮራኩሩ ድንጋይ ሲያገኝ፣ ገመዱ ወደ ጎን ሲሳብ፣ ግማሹ ሲስብ ግማሹ ሲተነፍስ ይህ ቁጥር ወደ መቶዎች ያድጋል። ሆታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ «ሆ!» ሲባል የሁሉም ጡንቻ በአንድ ቅጽበት ይስባል።

መቼም ታሪክ ሲነገር ሽቅቡ ነው የሚነገረው። እኔ ግን የማስበው ወደ በሽሎ የወረዱበትን ቀን ነው። 7 ቶን መድፍ ከፊት፣ ገመድ የያዙ ሰዎች ከኋላ፣ ተረከዛቸውን በመሬት ተክለው፣ ጭናቸው እየተለጠጠ። እየተለጠጠ የሚይዝ ጡንቻ ቆሞ ከሚይዘው በላይ ይችላል፤ ባይሆን ኖሮ ሴባስቶፖል ገደል ውስጥ ይቀር ነበር። ስማቸው አልተጻፈም። ጉልበታቸው ግን፣ ሁለቱም ጉልበት፣ እዚያ መንገድ ላይ ቀርቷል።

መገጣጠሚያው ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው? ለበዓል በግ ስታርዱ የኋላ እግሩን ከመጋጠሚያው ስትለዩት ልብ ብላችሁ እዩ። የአጥንቱ ጫፍ በነጭ፣ በሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሸክላ ምጣድ በለሰለሰ ነገር ተሸፍኗል። በጣታችሁ ብትነኩት ያዳልጣል። በላዩ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ጥቂት ፈሳሽ አለ። ሁለቱ የአጥንት ጫፎች ሲፋተጉ በረዶ በበረዶ ላይ ከሚንሸራተተው ይበልጥ ይንሸራተታሉ። ያ ነጭ ሽፋን ግን የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ «ጉልበቴን አሞኛል፣ ከአልጋ አልወርድም» የሚል ሰው ሽፋኑን ያስርበዋል። የሚጎዳው ሸክም የበዛበት እርምጃ ነው፤ መጠነኛ እርምጃ ግን ቀለቡ ነው።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን አባቶቻችንን ላመስግን። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ይቆማሉ። ቆሞ ማደር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ስንቆም ክብደታችን የሚያርፈው ከቁርጭምጭሚታችን ጥቂት ወደ ፊት ስለሆነ የባታችን ጡንቻ ሳያርፍ ይይዘናል። ሳይንቀሳቀስ የሚይዝ ጡንቻ ግን ደሙን ወደ ላይ አይገፋም፣ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፤ ለዚህ ነው ሰልፍ ላይ ዝም ብሎ የቆመ ወታደር ራሱን ስቶ የሚወድቀው። አባቶቻችን ግን ዝም ብለው አይቆሙም።

በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና፣ እንደሚተረከው፣ የጣናን ማዕበልና የዳር ቄጠማውን ውዝዋዜ አይተው አዲስ ዝማሜ አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም አሏቸው ይባላል። ልጃቸው ተክሌ ግን እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ አቋቋሙም እስከ ዛሬ በስሙ ተክሌ ይባላል። የእኔ ሙያ ዜማውን ለመተንተን አይደፍርም። አካሉን ግን አያለሁ። ሰውነት ቀስ ብሎ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ክብደቱን ለግራ እግር ይሰጣል፣ ቀኙ ያርፋል፤ ከዚያ ይመለሳል። ጉልበት ሸብረክ ይላል፣ ይቀናል። ባት ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፤ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። የጉልበቱም ሽፋን ቀለቡን ያገኛል። አለቃ ይህን አስበው አላወጡት ይሆናል። ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው ሌሊቱን የሚቆሙ አባቶችን ሳይ ግን ይህ ዝማሜ ለነፍስ ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ። በእጃቸው ደግሞ መቋሚያ አለ።

የመቋሚያውን ስሌት ልስጣችሁና ላብቃ። ስንራመድ በየእርምጃው መሀል በአንድ እግር እንቆማለን። ያኔ ክብደታችን ዳሌያችንን ወደ ውስጥ ሊጥለው ይሞክራል፤ የዳሌ ጎን ጡንቻ ወደ ላይ ይይዘዋል። ይህም ጡንቻ ከመጋጠሚያው የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምርኩዝ ግን፣ ከሚያመው ዳሌ በተቃራኒው እጅ ከተያዘ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይደግፋል። ዘጠኝ እጥፍ አሁን ለእኛ ሠራ! ምርኩዙን በ5 ኪሎ ብቻ ብትጫኑት ጡንቻው 45 ኪሎ ይቀንሳል፤ መገጣጠሚያውም 50 ኪሎ ይቀልለታል። በሚያመው በኩል ከተያዘ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል።

እናቴ ቀኝ ዳሌዋን ያማታል። ለዓመታት ምርኩዟን በቀኝ እጇ ይዛ ኖራለች፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ያንን ነው፣ ወደሚያምበት መደገፍ። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ቤት እየተመላለስኩ አይቻት አልፌአለሁ፤ እናት ስትሆን ዓይን አያይም መሰለኝ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ቁልቁለቱን ከኋላዋ እየተከተልኩ ነበር። ጎኗን ሰጥታ፣ አንድ አንድ እርምጃ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትወርዳለች። አስቆምኳትና ምርኩዙን በግራ እጇ አስያዝኳት። አልለመደችውምና ተቆጣች። አሥር እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ቆም አለችና ዞር ብላ፣ «አንተ ነህ የያዝከኝ?» አለችኝ። እኔ ሦስት እርምጃ ከኋላዋ ነበርኩ።

እንግዲህ ለእግራችሁ ጥቂት ሥራ ልስጥ። ቤት ስትገቡ በርጩማ ላይ እጃችሁን ሳትደገፉ ተነሱ፤ ስትቀመጡ ግን እስከ አምስት እየቆጠራችሁ በዝግታ ተቀመጡ። ቁልቁለትን ለመያዝ ጡንቻ የሚማረው በዚያ ዝግታ ነው። ስትወርዱ መንገዱን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያላችሁ ውረዱ፤ የበቅሎ መንገድ ለምን እንደሚጠማዘዝ በቅሎዋ ታውቃለች። ጀሪካን ወደ አካላችሁ አስጠጉት፣ ከቻላችሁ እዘሉት። ወጣቶች፣ ከእናታችሁ ተቀበሉት። የውሃ ነጥብ የት ይቆፈር ብላችሁ የምትወስኑ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ ደግሞ፣ ካርታው ላይ ርቀቱን ብቻ አትለኩ፤ ቁልቁለቱን ለኩ።

አሁን የምትችሉ ሁላችሁ ብድግ በሉ። ቀኝ እጃችሁን ቀኝ ዳሌያችሁ ጎን ላይ አድርጉና ግራ እግራችሁን አንሱ። ጡንቻው ከእጃችሁ ስር ድንጋይ ሲሆን ተሰማችሁ? አባቶች፣ መቋሚያችሁን በግራ እጃችሁ ተጫኑት፤ መቋሚያ የሌላችሁ በግራ በኩል ያለውን ሰው ትከሻ በግራ እጃችሁ ተደገፉ፤ በትንሹ፣ በጣት ያህል። አሁን ደግሞ ዳሌያችሁን ዳስሱት።